በእንግሊዙ ሞተር ኋላ ወንበር ላይ

አደጋ ውስጥ መግባቴ የገባኝ ሞተሩ ሲነሳ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልፈራሁም። አትላንታ ዳር፣ ደንዉዲ ባለው የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ነጭ የእሁድ ቀሚሴን ለብሼ፣ የባለቤቴን ሰፊ ሄልሜት እንደ ድስት ራሴ ላይ ደፍቼ፣ ከልጄ ኋላ ሞተር ሳይክል ላይ ጉብ ብያለሁ። ሰባት ስምንት ምእመን ከኋላ ይገፋናል። "በሉ ግፉ! አንድ ላይ!" ይላል ባለቤቴ። እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። የምስቀው ስለማውቀው ነው። ይሄ ሞተር አይነሳም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲረገጥ፣ ሲለመን፣ ሲሰደብ ከርሞ ከሁለቴ በላይ እምቢ ያለ ነገር፣ ዛሬ እኔን የምታህል ሴት ስትቀመጥበት ምን ነክቶት ይነሳል?

ተነሳ።

መጀመሪያ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ቀጥሎ ከመቀመጫዬ ሥር አንድ ነገር ተቆጣ፤ እንደ ወፍጮ ቤት ድው ድው ድው ይል ጀመር፣ ጥርሴ እርስ በርሱ ተጋጨ። የገፊዎቹ እጅ ተለየን። ዞር ብዬ ሳይ የመዘምራኑ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ባለቤቴ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይዘላል። ሁሉም እያነሱ እያነሱ ሄዱ። ሰው በቁሙ እንዴት ያንሳል ብዬ ትንሽ ገረመኝ። ከዚያ ገባኝ፤ እየራቅን ነው።

"አቁሚ!" አልኳት ልጄን።

"ማሚ፣ ካቆምኩት ይጠፋል!"

"ይጥፋ!"

"ከጠፋ አይነሳም!"

"አይነሳ! ምን ቸገረኝ!"

እሷ ግን ወደ ዋናው መንገድ ወጣች።

እዚያ ላይ እንዴት እንደወጣሁ ልናገር፣ አለዚያ ሰው እብድ ናት ይለኛል።

ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች። እኔ ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ያውም አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች የሚተኙበት ፎቅ ላይ። እግራቸው ተሰቅሎ፣ ብረት አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ይተኛሉ። ምን ሆነው ነው ብዬ ነርሶቹን ስጠይቅ፣ "ሞተር ሳይክል" የሚለው መልስ ጆሮዬ ውስጥ ሊበቅል ደርሷል። አልጋቸው ሥር መወልወያ ሳመላልስ ስንት ጊዜ "ጌታ ሆይ፣ የኔን ልጅ ከዚህ ነገር ጠብቅልኝ" ብያለሁ። እሷ የዚያኑ አጥንት ፎቶ ስታነሳ ትውላለች። ታዲያ አንድ ቀን ራት ላይ፣ እንጀራዋን ሽሮ እያጠቀሰች፣ "ሞተር ልገዛ ነው። ኮርሱንም ጨርሻለሁ" አለችኝ።

"የምን ሞተር?"

"ሞተር ሳይክል። የእንግሊዝ ነው። ክላሲክ።"

"አንቺ፣ የሰው ስብራት ስታዪ አይደል እንዴ የምትውዪው?"

"ማሚ፣ እኛ ጋ የሚመጡት በአዳዲስ ሞተር የሚበሩት ናቸው። በድሮ የእንግሊዝ ሞተር ተሰብሮ የመጣ ሰው አንድም አላየሁም። ላይክ፣ አንድም!"

እውነቷን ነበር። ምክንያቱን ግን ያን ቀን አላወቅሁም። ለመሰበር እኮ መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል።

"አባቷ አይደለህ? ተናገር እንጂ" ብዬ ወደ ባለቤቴ ብዞር፣ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን በርቷል። ለካ ሞተሩን ያገኘላት እሱ ኖሯል። ኮንየርስ፣ ዕቃ ከሚጭንበት መጋዘን አጠገብ የሚኖር ጡረተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ፤ የዚያ ሰውዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ሸራ ለብሶ ቆሞ አየውና ለልጁ ሹክ አላት።

"የእንግሊዝ ብረት እኮ ነው!" አለኝ። "ልጅ ሆኜ ለከተማችን ወባ አጥፊ የመንግሥት ሞተር ተሰጥቶት ነበር። የእንግሊዝ። ድምፁ ነበር ከሰውዬው ቀድሞ የሚደርሰው! ከብቱ ጅራቱን ሰቅሎ ይፈረጥጣል፣ ሴቱ ከቤት ይወጣል... እንግሊዝ ብረት ሲሠራ ቀልድ አያውቅም። የማይሞት ነገር ነው።"

"ሞተሩ ካልሞተ ሟቿ ማን ልትሆን ነው?" አልኩት።

አልሰማኝም። ወባ አጥፊው ጋ ሄዶ ነበር።

ቅዳሜ ሦስታችን ኮንየርስ ሄድን። ሽማግሌው ጢሙ እስከ ደረቱ ነው፣ ደግ ፊት አለው። ሞተሩ ስንደርስ ሞቆ ነው የጠበቀን። አንዴ ሲረግጠው ተነሳ። የሞተር ነገር ባውቅ ኖሮ፣ እንግዳ ሳይመጣ የሞቀ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ሽማግሌው ብዙ አወራ፣ ልጄ ተረጎመችልኝ።

"በሰዓት መቶ ማይል ይሄዳል ይላል። ሁለት ሰው ጭኖም።"

"ኧረ በጌታ!"

"ካራክተር አላት ይላል። ጠባይ።"

"የሞተር ጠባይ ምን ያደርግልኛል? ጠባይ የሚፈለገው ከሰው ነው በይው።"

ነገረችው። በጣም ሳቀ፣ እጄንም ጨበጠኝ። ሞተሩ በተዋስነው ፒክአፕ ላይ ሲጫን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ታንኩን ዳበሰው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ግን በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ሚስቱ ከቤት ወጥታ፣ ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር።

ውበቱን አልክድም። ታንኩ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀይ ነው፣ ብረቱ ፊትህን ያሳይሃል። አፓርታማችን በር ላይ በቆመ በመጀመሪያው ቀን የማናውቀው ሰው ሁሉ ሰላም ይለን ጀመር። ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈን ጎረቤት መኪናውን አቁሞ ወረደና "አባቴ እንዲህ ዓይነት ነበረው" ብሎ እንባ ተናነቀው። ባለቤቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። "አየሽ? ዝና ማለት ይሄ ነው!" ይለኛል። ዝናስ ዝና ነው። ሁሉም ያደንቀዋል፣ ግን አብሮት የኖረ የለም።

እኛ ኖርን። በማግስቱ ጠዋት ከሥሩ ጥቁር ዘይት ተኝቷል። የዳቦ መጋገሪያዬን ትሪ አደረግኩለት፤ ማታ ሞልቶ ጠበቀኝ። ቆሞ እኮ ነው! ቆሞ የሚያልበው ሞተር መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ከዘይቱ ጎን አንድ ቡሎን አገኘሁ፤ በአምስተኛው ቀን ሁለት። በየጠዋቱ እንደ ዶሮ እንቁላል እሰበስብለት ጀመር። ልጄ ካቻቪቴ ይዛ ዞራ ዞራ ታያለች፣ ከየት እንደወደቀ አታገኝም። የሚገርመው፣ ቡሎን ቢኖረውም ባይኖረውም ለሞተሩ ለውጥ የለውም።

ለማስነሳት በጎኑ ያለውን ብረት በእግር መርገጥ ነው። ባለቤቴ "ልጅቷ ጉልበት የላትም፣ ለእኔ ተዉት" ብሎ ሲረግጠው፣ ብረቱ ተመልሶ መጥቶ ቅልጥሙን አለው። መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን አቅፎ ይወዛወዛል።

"ምነው፣ ወባ አጥፊውንም እንዲህ ይራገጠው ነበር?" አልኩት።

"ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ።"

"አይ፣ ልጠይቅህ ነው። ያ ሰውዬ እውነት በዚህ ነገር ይሄድ ነበር?"

ትንሽ አሰበ። ባለቤቴ አይዋሽም፣ ይሄ ነው የሚያስወድደው። "ሲሄድ በሞተር ነበር" አለ። "ሲመለስ... ሲመለስማ ሞተሩ በጭነት መኪና ነበር የሚመጣው። እንዲያውም እኛ ልጆቹ ነበርን የምንገፋለት።"

ልጄና እኔ ሳቅ ገደለን። እሱም ቅልጥሙን እያሸ መሳቅ ጀመረ። አርባ ዓመት ያህል ሲያመሰግነው የኖረው ሞተር፣ እሱ ራሱ የገፋው ሞተር ነው!

በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ተነሳ። አንዱን ጊዜ ከግቢያችን በር ሳይደርስ ጠፋ፤ ሌላውን ጊዜ በሩን አለፈ፣ ልጄ ክላክስ ስትነካ መብራቱ ጠፋ፣ መብራቱን ስታበራ ሞተሩ ጠፋ። ሁለቱንም ጊዜ ገፍታ መለሰችው። እኔ ቀስ በቀስ ደስ ይለኝ ጀመር። ልጄ ሞተር አላት፤ ሥራ የምትሄደው ግን በመኪናዋ ነው። ከዚህ የበለጠ የተጠበቀች ልጅ አትላንታ ውስጥ አለች? ትሪዬን እያጠብኩ አመሰግን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ልጄ ካንዴላ ለውጣ፣ ካርቡራተሩን አጥባ ገባች። "ነገ እናስጸልየዋለን" አለች። እኛ ቤተ ክርስቲያን አዲስ መኪና የገዛ ሰው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች ወጥተው እጅ ይጭኑበታል። ለኡበር የተገዛ፣ ለልጅ የተገዛ፣ ሁሉም ይጸለይለታል። ሞተር ሳይክል ግን መጥቶ አያውቅም።

"ጸሎት ለሚሄድ ነገር ነው" አልኳት።

"ይሄዳል። ማሚ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት እነዳዋለሁ።"

"ከደንዉዲ እስከዚህ? አያደርገውም።"

"እንወራረድ። መንገድ ላይ ሳይገፋ ቤት ከደረሰ ሁለተኛ ስለ ሞተር አንድ ቃል አትናገሪኝም። መንገድ ላይ ከተገፋ እሸጠዋለሁ።"

እጇን ጥብቅ አድርጌ ጨበጥኩ። ለልጄ ሕይወት የተወራረድኩ ሆኖ ነው የተሰማኝ፣ የማሸነፌ ነገር ደግሞ አላጠራጠረኝም።

እሁድ በዚያው የተውሶ ፒክአፕ ወስደን ፓርኪንግ ሎቱ መሃል አቆምነው። ሕዝቡ ከበበው። ታላቁ ሽማግሌያችን መነጽራቸውን አውልቀው ዞረው አዩትና፣ "እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው!" አሉ። ወደ እኔም ዞሩ። "እህቴ፣ እርስዎም እናት ነዎት፣ ቀረብ ብለው እጅዎን ይጫኑ።"

ቀረብ አልኩ። ታንኩ ላይ እጄን ጫንኩ። እሳቸው በታላቅ ድምፅ "መውጣትና መግባቷን ባርክ፣ ሞተሩንም አጽና" ሲሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ፣ "ጌታ ሆይ፣ የእናት ልብ ታውቃለህ። አይነሳ" አልኩ። ሁሉም አሜን ሲል እኔም ለራሴ ጸሎት አሜን አልኩ።

ልጄ ረገጠችው። ምንም። ደገመች። ምንም። ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የእኔ ጸሎት ተሰማ! ፊቴን ሐዘን ለማስመሰል ታገልኩ። ሴቶቹ ግን ነገሩን ወደ ጨዋታ ለወጡት።

"ነይ ውጪበት፣ ፎቶ እናንሳሽ!"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ቆሞ እኮ ነው፣ ምን ያስፈራል! ሄልሜቱንም አድርጊ፣ ሲያምርብሽ!"

ከልጄ ኋላ ወጣሁ። ስልኮች ተደቀኑ። ሳቁ ደመቀ። ይሄኔ ባለቤቴ እጁን አጨበጨበና ያገሬ ሰው ሁሉ ቆሞ የቀረ ነገር ሲያይ የሚናገራትን ተናገራት። "ገፍተን እናስነሳዋለን!"

ኮቶች ወለቁ። አንዱ ክራባቱን ወደ ኋላው ጣለ።

"ቆዩ፣ እኔ ልውረድ" አልኩ።

"አትውረጂ!" አለ ባለቤቴ። "የኋላ ጎማው ክብደት ካላገኘ ይንሸራተታል።"

"አንተ አትቀመጥም? ከእኔ አትከብድም?"

"እኔ ገፊ ነኝ። ደግሞ አይነሳም ትዪ የለ?"

"አይነሳም!"

"እንግዲያ ምን አስፈራሽ?"

የልጄን ወገብ ያዝኩ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

መንገዱ ላይ ስንወጣ የመጀመሪያ ችግሬ ነጠላዬ ነበር። ወገቤ ላይ ያሰርኩት በንፋሱ ተፈትቶ ወደ ኋላ ጎማ ይበር ጀመር። በአንድ እጄ ልጄን አንቄ፣ በሌላው ነጠላውን ሰብስቤ፣ ጫፉን በጥርሴ ነከስኩት። ስለዚህ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሥሬ ያለው ጩኸት የመቶ ማይል ጩኸት ነው። ንዝረቱ ከወንበሩ ተነስቶ በጀርባዬ አልፎ ሄልሜቱ ውስጥ ይጮኻል። የኮንየርሱ ሽማግሌ የነገረን መቶ ማይል ላይ ደርሰናል፣ አልኩ በልቤ፤ አሁን አስፋልቱ ይቀበለናል፣ አሁን ያ ፎቅ ላይ አልጋ ይነጠፍልናል፣ የሥራ ባልደረባዬ ትመጣና በእኔ አልጋ ሥር ትወለውላለች።

እና ጸሎቴን ገለበጥኩት። ምክንያቱም ልጄ ትከሻዋን አዙራ፣ "ማሚ፣ ከኋላችን መኪና በጣም ብዙ ነው፤ መሃል መንገድ ላይ ከጠፋ ያልቅልናል!" አለችኝ። አይነሳ ብዬ የለመንኩት አምላክ ፊት፣ አፌ በነጠላ እንደተሞላ፣ "ጌታ ሆይ፣ እንዳይጠፋ! የቅድሙን ተወው! አደራህን፣ እንዳይጠፋ!" እል ጀመር። ሰማይ ቤት ያለ ጸሐፊ ካለ ያን ቀን ብዙ ሰርዟል።

ትንሽ ቆይቼ አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። በእግረኛው መንገድ አንድ ሰውዬ ከውሻው ጋር ይሮጣል። አልፈነው ሄድን፤ ግን ቀስ ብለን ነው ያለፍነው፣ ውሻው አሽትቶን ለመጨረስ ጊዜ ነበረው። ፊት ለፊታችን ትንሽ ዳገት መጣ። ሞተሩ አቃሰተ። ያ ሰውዬ ከኋላ መጣና አለፈን! ሲያልፈን አውራ ጣቱን አንስቶ "ውብ ሞተር ነው!" አለን።

በልጄ ትከሻ ላይ አሻግሬ የፍጥነቱን መቁጠሪያ አየሁ። ቀስቱ ከሃያ ወደ ዘጠና፣ ከዘጠና ወደ ሃያ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ጎን ያለው መስታወት ደግሞ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ አንዱን መኪና ሦስት አድርጎ ያሳያል። "ብዙ መኪና" ያለችኝ ለካ ግማሹ የመስታወቱ ነው። ያም ሆኖ ዞር ስል እውነትም ተሰልፈዋል፤ ከፊት ያለው ባለቤቴ የሚነዳው ፒክአፕ ነው፣ ድንገተኛ መብራቱን አብርቶ። ከእሱ ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መኪና በመኪና ተቀጣጥሎ ክላክሱን ይነፋል፣ እንደ ሰርግ አጀብ! ከመስኮት ወጥታ እልል የምትል አለች። ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ነጭ ነጠላ አፌ ላይ አለ። በወዲያኛው መስመር የምትነዳ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መስኮቷን አውርዳ እጇን እያውለበለበች "እንኳን ደስ አላችሁ!" አለችን። ጌታ ይወቅ፣ ለማን እንደዳረችኝ።

ያኔ ሳቄ መጣ። ከፍርሃቱ ሥር ነው የመጣው፣ ሆዴን ያዘኝ። መሳቅ ግን አልችልም፣ ነጠላው አለ። በአፍንጫዬ ሳቅሁ። ልጄ ጀርባዋ ላይ ስርገፈገፍ ተሰምቷት፣ "ማሚ ታለቅሻለሽ?" ትላለች። እኔ "እም! እም!" እላለሁ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ሞተሩ ዳገት ነው እንጂ የሚጠላው፣ ቁልቁለት ይወዳል። መሄድ የጀመረው እውነት እዚያ ነው። ታች ቀይ መብራት ይታየኛል፤ በመስቀለኛው መኪና ይመላለሳል። ልጄ በቀኝ እግሯ ረገጠች። ኮርስ ላይ የተማረችበት ሞተር የእግር ፍሬኑ በቀኝ ነው። የእንግሊዙ ግን በግራ ነው፤ በቀኝ ያለው ማርሽ ነው። ታውቀዋለች፣ ስንቴ ነግራናለች፤ ስትደነግጥ ግን እግሯ የተማረውን ሠራ። ማርሹ ዘለለ፣ ሞተሩ ቀለለው፣ ይባስ ተንደረደርን። "ኦ ማይ ጋድ" አለች። በግራዋ ረገጠች። ፍሬኑ አለሁ ይላል እንጂ አይዝም። የእጁን ጨመረች። እሱም አለሁ አለ። ጀርባዋ በእጄ ውስጥ እንደ እንጨት ሲደርቅ ተሰማኝ። ሳቄ ጠፋ። ይሄ ልጄ ናት፣ ከታች ያለው መስቀለኛ ነው።

እኔ ተማሪ ቤት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ግን በወጣትነቴ በየሳምንቱ ሽንኩርት አስጭኜ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ገደል የመሰለ ቁልቁለት ወርጃለሁ። ሾፌሩ ፍሬኑን ሳይነካ ነበር የሚወርደው። "እናቴ፣ ፍሬን ለሜዳ ነው፣ ቁልቁለት በማርሽ ይያዛል" ይለኝ ነበር፤ ማርሹን አንድ በአንድ ሲያወርድ መኪናው እያጓራ ይታዘዘዋል። ነጠላዬን ተፋሁት።

"ማርሽ ቀንሺ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን?"

"ፍሬኑን እመኚው አልልሽም! በማርሽ ያዢው! አንድ በአንድ! አንድ ቀንሺ!"

ቀነሰች። ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ አጓራ፣ እኔ በደረቴ ጀርባዋ ላይ ተለጠፍኩ።

"አሁንም! ሌላ!"

ቀነሰች። አንድ ነገር ከሥራችን ተፈናጥሮ አስፋልት ላይ ሲንጫረር ሰማሁ። ይሂድ። ሞተሩ በግድ፣ እያጉረመረመ፣ ያዝ አደረገው። ነጭ መስመሩን የፊት ጎማችን አልፎ ቆምን፤ እግሯን መሬት አስነካች፣ ሞተሩ ድው ድው እያለ ነው፣ አልጠፋም። ከፊታችን አንድ ትልቅ መኪና ሽው ብሎ አለፈ። ነፋሱ ቀሚሴን አነሳው።



"ማሚ" አለች። "ሞተር የት ተማርሽ?"

"ሽንኩርት ላይ።"

እሷ ሳቀች። እኔም አፌ ነፃ ስለወጣ የታመቀውን ሁሉ ለቀቅሁት። አረንጓዴ በርቶ ከኋላችን አጀቡ ክላክሱን እስኪያቀልጠው ድረስ እንስቃለን፣ ጀርባዋ ደረቴ ላይ ይዘላል፣ ሞተሩ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠናል። ልጄን እንዲህ አቅፌያት የማውቀው ሕፃን ሆና ነው።

የቀረው መንገድ ሜዳ ነው። አልፈነው የሄድነው ነገር የለም፤ ሁሉም አለፈን፣ ሁሉም አጨበጨበልን። አፓርታማችን ሲታየኝ፣ ግቢው በር ላይ ሃያ ሜትር ሲቀረን፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። ወደ ግቢያችን የምትወርደው መንገድ ግን ትንሽ ቁልቁል ናት። ጎማው መንከባለሉን አላቆመም። ድምፅ የሌለው ነገር ላይ ተቀምጠን፣ በሩን አለፍን፣ የጎረቤቱን መኪና አለፍን፣ የራሳችን ፓርኪንግ ውስጥ ገብተን ቆምን።

አጀቡ ተከታትሎ ገባ። ባለቤቴ በሩን ሳይዘጋ ሮጦ መጣ፤ ያ የተመታው እግሩ እንኳ ትዝ አላለውም።

"ጠፍቶ ነው የገባው!" አለ አንዱ ከኋላ። "ውርርዱን እናት በልታለች!"

"አልተገፋም!" አለች ልጄ። "ውርርዳችን መገፋት ነው! ማሚ፣ ተናገሪ፣ ተገፍቷል?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መዋሸት እችል ነበር። በእግሬ ትንሽ ገፋሁት ብል ማን ያየኛል? ልጄን ቁልቁለቱ ላይ አስታወስኳት፤ ሁለተኛ ያንን ወንበር እንዳታይ የሚያደርግ አንድ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ቁልቁለት በማርሽ መያዝ ተምራለች፤ ማን እንዳስተማራትም አውቃለሁ።

"አልተገፋም" አልኩ። "እሷ በልታለች። ፍሬኑን ሳታሠሪ ግን ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ። ይሄ ስለ ሞተር የመጨረሻ ቃሌ ነው።"

እልልታው ቀለጠ። ልጄ ሄልሜቷን ሳታወልቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሄልሜት ለሄልሜት ተጋጨን። ወርጄ ቆምኩ። ባለቤቴ ፊቱ አመድ መስሎ እጄን፣ ክንዴን፣ ጭንቅላቴን እየዳሰሰ፣ "ደህና ነሽ? አንቺ፣ ደህና ነሽ ወይ?" ይለኛል።

"ደህና ነኝ" አልኩት። "ደርሰናል። እኔም ደህና ነኝ፣ ልጅህም ደህና ናት።"